ባሕር ዛፉና የዳርቱ ምንጭ

ጥቅምት 4
ውሃ ዛሬም የለም። ጎመን ገዝቼ ገባሁ። ጵርስቅላ የምትባል ልጅ ደወለች፤ የእንጦጦን ምንጮች የምታጠና። "የደን ባለሙያ ሳሉ ምንጭ ይለኩ ነበር አሉኝ። መዝገቡ ይኖርዎታል?" አለችኝ። አለ... ነገ ነይ አልኳት።

ጥቅምት 5
መጣች። ደብተሩን አብረን አየነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከዳርቱ ምንጭ አንድ ባልዲ በስንት ጊዜ እንደሚሞላ ነው የጻፍኩት። ባሕር ዛፉን በተከልን ዓመት፣ አርባ ሰከንድ። በስድስተኛው፣ ሦስት ደቂቃ። በአሥረኛው "ደረቀ" ይላል። ጎኑ ላይ ሁሌ "ዝናብ አንሶ ነው" ብያለሁ።

"ዝናቡ እኮ አላነሰም" አለች። የዚያን ዘመን የዝናብ መዝገብ አሳየችኝ። እውነቷን ነው።

ያኔ የተማርነው ዛፍ ካለ ውሃ አለ የሚል ነው። ሁሉም ዛፍ። አሁን ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ምንጭ አጠገብ አይተከልም ይላሉ። "ይሄም አባባል ነገ ይታረም ይሆናል፤ ገና እየለካን ነው" አለች።

ምንም አልተሰማኝም። ሻይ አፈላሁላት።

ጥቅምት 6
ልብስ አጠብኩ።

ጥቅምት 9
ዳርቱ... ምንጩ የእሷና የባሏ የበዳዳ ነበር፤ ከኪዳነ ምሕረት በታች። ልንተክል ስንሄድ "ውሃችን አይሄድም?" ብላኝ ነበር። ይጨምራል እንጂ አልኳት። ሳይንስ ነው አልኳት። ሲደርቅ ከታች ከወንዙ መቅዳት ጀመረች። ዳገቱ ላይ ከነጀሪካኗ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ያኔውኑ ሰምቻለሁ። ሄጄ ጠየቅኳት? አልሄድኩም።

ኅዳር 2
ከጵርስቅላ ጋር ወደ እንጦጦ ወጣን። ዳርቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፣ ምርኩዟ አጠገቧ።

"ምንጩን ያደረቀው ዛፉ ነው። ያኔ ያልኩሽ ስህተት ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሦስተኛው ዓመት።"

"ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ነግሬሻለሁ። ትጽፊ ነበር፤ ቀና አላልሽም።"

አላስታውስም። እንባ እንኳ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 11
እነ ጵርስቅላ ከምንጩ በላይ ያለውን ባሕር ዛፍ ቆርጠው ክረምት ላይ ጽድና ወይራ ሊተክሉ ነው፤ ዳርቱና በዳዳ ከፈቀዱ። ጵርስቅላ እርስዎ ይጠይቁልን አለችኝ። ሄድኩ።

በዳዳ ሚስቱን አየ።

"ይሄኛው ውሃውን ይመልሳል?" አለች ዳርቱ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ገበሬ ጠይቆኝ መልስ አጥቼ አላውቅም።

"አላውቅም" አልኳት። "ይመልሳል ብለን እናስባለን። ላይመልስም ይችላል።"

ምርኩዟን አነሳች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ተነሳች።

"ነይ፣ ድሮ ውሃው በየት በየት ይወጣ እንደነበር ላሳይሽ።"

ቀስ ብለን ወረድን። እሷ ስትናገር እኔ ሰማሁ።