ቆይ አይባልም

መጋቢት 2

ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት። ምድጃው ጭስ መትፋት ጀምሯል፤ ቧንቧው መጠረግ አለበት። ስሰፋ ዋልኩ። ጓንቱ አለቀ፣ ካፖርቱ አንድ እጅጌ ይቀረዋል። በመታሰቢያው ቀን ይህን ለብሶ ሟቹን ሲልቬስተርን የሚሆነው ክሌመንት ነው... ባሌን ከዩኮን ወንዝ በረዶ ሥር ጎትቶ ያወጣው እሱ ስለሆነ። ልኩን ወስጄ ነበር። እጄ ግን የቆረጠው በሲልቬስተር ልክ። ምን ነካኝ?

እማማ ዶሮቲያ መጥተው ስፌቴን አገላበጡ። "አንቺ፣ ይሄ ለክሌመንት ነው ወይስ ለጀልባ መሸፈኛ?" ሳቅን። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ።

"ለብሶ ሲጨብጥሽ 'ሂድ' ነው የሚባለው። ቆይ አይባልም።"

"አውቃለሁ እማማ።"

ልጅ ነኝ እንዴ?

መጋቢት 9

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ክሌመንት ከራስ እስከ እግሩ እኔ የሰፋሁትን ለብሶ ገባ። አይናገርም፤ ዛሬ እሱ ሟቹ ነው። ሁላችንንም ተራ በተራ ጨበጠን፣ ለመሰናበቻ።

እኔ ጋ ሲደርስ በአውራ ጣቱ መዳፌን ሁለቴ ጫን አደረገ።

ይህን ሲልቬስተር ብቻ... ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"ቆይ" አልኩት። በሹክሹክታ። ማንም አልሰማም።

መጋቢት 10

ክሌመንት ወንዝ ወርዶ የሟቹን ልብስ አውልቆ አራገፈ። ሟች የሚሄደው በዚያ ነው። ከዚያ የራሱን ለብሶ ተመለሰና፣ ራሱን ሆኖ፣ ሁሉንም ጨበጠ። እኔንም።

ሁለቴ ጫን።

መጋቢት 13

እኩለ ቀን ላይ ክሌመንት ሳያንኳኳ ገባ። የሲልቬስተር ወንበር ላይ ቁጭ። ክሌመንትን ባየ ቁጥር በንዴት የሚያብደው ውሻችን ሄዶ እግሩ ሥር ጋደም አለ። ተነስቶ ሻይ ቀዳልኝ፤ ያለ ስኳር፣ አንድ ማንኪያ የዱር እንጆሪ ማርማላታ። እንደምወደው። አልጠየቀኝም።

ማባረር ነበረብኝ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

መጋቢት 14

ዛሬም መጣ።

መጋቢት 17

ሎሬና መጣች፣ የክሌመንት ሚስት። አልቀመጥም ብላ ቆማ ነው ያወራችው።

"እኔን 'እህቴ' ይለኛል። የልጁ ስም ጠፍቶታል። ጠዋት ጠዋት ጫማው ውስጥ ውሃ አገኛለሁ፣ ኤልማ። ከቤት ሳይወጣ! ምን ብለሽው ነው?"

"ምንም" አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

"ባልሽ ሲሞት አብሬሽ አለቀስኩ። የኔን ደግሞ በቁሙ ልታስለቅሺኝ ነው?"

ከሄደች በኋላ ሻይ አፈላሁ። አልወርድ አለኝ።

መጋቢት 18

ጠዋት ሲመጣ በር ላይ ጠበቅኩት። እጁን ይዤ ወንዝ ወሰድኩት፣ ያኔ በረዶው ተከፍቶ ሲልቬስተርን የዋጠበት ቦታ። እጁ እርጥብ ነበር፣ በዚያ ሁሉ ውርጭ።

"ሂድ" ማለት አቃተኝ። ስለ ምድጃው ጭስ ነገርኩት፣ ስለ ውሻው እርጅና። መጨረሻ ላይ... "ሲልቬስተር፣ ሂድ። አልጠገብኩህም። ግን ሂድ።"

ሁለቴ ጫን። እጄን ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

ከበረዶው ሥር የሆነ ነገር ጓ አለ፤ ድምፁ ወደ ታች፣ ወንዙን ተከትሎ ራቀ። ክሌመንት ጥርሱ እየተንገጫገጨ "እዚህ ምን እንሠራለን?" አለኝ።

መጋቢት 21

ክሌመንትና ሎሬና መጡ። አንኳኩተው። ውሻው አበደበት። "ይሄ ውሻ መቼም አይወደኝም!" ብሎ ሳቀ። ሎሬና ቁጭ አለች።

ሻይ ልቀዳ ስነሳ ቀደመኝ። ማንኪያውን ይዞ ቆመ።

"ስኳር ስንት ላድርግልሽ?"

"ሁለት" አልኩት። ማርማላታውን አላነሳሁበትም።

ጠጣሁት።