ያቺን ቀይ መጥረቢያ እንዳያነሷት

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ወልደገብርኤል፣ ቸሃ ካለው ቤታቸው ይግባልኝ።

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ክረምቱስ እንዴት አድርጎዎታል? ዝናብ ሲበረታ ጉልበትዎን እንደሚቆረጥምዎ ስለማውቅ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር የማስበው እርስዎን ነው። እማዬስ እንደምን ናት? ሳሉ ለቀቃት? ባለቤቴ አዳነችስ? ልጄ ተናኘወርቅስ? ላሞቹስ፣ እንሰቱስ፣ ጎረቤቱስ? ሁላችሁም እጃችሁም እግራችሁም ዓይናችሁም ደህና ነው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ገና አንድ ገጽ ሙሉ ሰላምታ እጨምርልዎ ነበር፤ ዛሬ ግን ልቤ አላስቀምጥ ብሎኛል። ዲያቆን ፈቀደ፣ እንደ ወትሮው ደብዳቤዬን የምታነብላቸው አንተ ከሆንህ፣ እባክህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ቀስ ብለህ አንብብላቸው። የአባቴ ጆሮ ትንሽ ከብዷል፤ የማይወዱት ነገር ሲነገራቸው ደግሞ ይብስባቸዋል።

አባቴ፣ በሐምሌ ወር በገብረአምላክ እጅ የላክሁልዎን ቀይ መጥረቢያ አያንሷት። ከተሰቀለችበት አውርደው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉባት። እስከዛሬ ፈልጠውባት ምንም ካልሆኑም ዕድልዎ ነው እንጂ የእሷ ደግነት አይደለምና ሁለተኛ አይሞክሩ። ምክንያቱን አንድ በአንድ እነግርዎታለሁ፤ አስቀድመው ግን ተናኘወርቅን ያስጠሯትና አጠገብዎ አስቀምጠው ይስሙኝ።

መጥረቢያዋ ወደምሠራበት ወደ ሀጂ አብዱልሃኪም የብረታ ብረት ሱቅ የመጣችው በግንቦት ነው። ከውጭ አገር በሣጥን ታሽገው፣ እያንዳንዳቸው በዘይት ወረቀት ተጠቅልለው አሥራ ሁለት ሆነው መጡ። ብረቷ ፊት ያሳያል፤ ግማሹ ቀይ ቀለም ተቀብቶ አበባ ተቀርጾበታል፤ እጀታዋ በቬርኒሽ ተወልውሎ ወርቅ ይመስላል። መስኮቱ ላይ ስንደረድራቸው ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወጣው ሰው ሁሉ እየቆመ ያይ ጀመር። ባለኮቱም ባለነጠላዋም ይገባሉ፣ ያነሷታል፣ ያገላብጧታል፣ ዋጋዋን ይጠይቃሉ። ብረቱ ከእንጨቱ ጋር በምን እንደተያያዘ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የአራዳ ሰው እንጨቱን ተፈልጦ ነው የሚገዛው፤ እሱስ ምን ያድርግ። እኔ ግን እንጨት ሲፈለጥ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እውነቱን ልናገርና ቀንቼ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ለአባቱ ፋኖስ ልኮ መንደሩ ሁሉ ስሙን ሲያነሳ ሰምቻለሁ። ባለፈው ዓመት ለመስቀል ሳልመጣ ቀርቼ እንጨቱን ብቻዎን መፍለጥዎንም ሰምቻለሁ። ፋኖስ ቤት ውስጥ ነው የሚታይ፤ መጥረቢያ ግን የመስቀል እንጨት በሚፈለጥበት ሰሞን ደጅ ላይ በአባቴ እጅ ሆና አላፊ አግዳሚው ያያታል ብዬ ላክሁልዎ። ከእሷም ጋር ያንን የማይረባ ደብዳቤ ላክሁ። ምን ብዬ እንደጻፍሁ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፦ እንግዳ እንዲያያት ከምድጃው ፊት ለፊት ምሰሶው ላይ ይስቀሏት፤ እንደ ድሮው ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፏት፣ ቀለሟ ይለቃል፤ አሮጌውን ለፈለገ ሰው ይስጡት።

ባለፈው ዓርብ ጧት አምስት ኪሎ የሚሠራ አጽብሐ የሚባል አናጢ ደንበኛችን ወደ ሱቁ ገባ። አጽብሐ ሰላምታው ሳያልቅ ቀልዱን የሚጀምር ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ሰላም እንኳ ሳይለን፣ ከእኛ የገዛትን መጥረቢያ ብረቷን ከባንኮኒው አንድ ጫፍ፣ እጀታዋን ከሌላው ጫፍ አስቀመጠ። ኋላ እንደነገረን፣ ግቢው ውስጥ አንድ ጉማጅ ሲጠርብ በሦስተኛው ምት እጁ ድንገት ቀለለው። ቀና ሲል ብረቱ ግቢውን አቋርጦ ከደጃፉ መቃን ላይ ተሰክቷል። ሚስቱ ዓለምጸሃይ እዚያው መቃኑ ሥር ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ነበር፤ የተረፈችው ድስቱ ገንፍሎባት ያኔውኑ ብድግ ስላለች ነው። ይህ መጥረቢያ አይደለም፣ የመጥረቢያ ልብስ የለበሰ ነገር ነው አለን፤ ማንም አልሳቀም።

ቀጥሎም የብረቱን ቀዳዳ አሳየን። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል ነው፤ የእጀታው ጫፍ ቀጭን ነው፤ እጀታውን ቀዳዳው ውስጥ ወጥሮ የሚይዝ ሽብልቅ የሚባል ነገር አልተመታበትም። ክፍተቱን በሙጫ ደፍነው ቀይ ቀለም ቀብተውበታል። እርጥበት ባለበት ለጊዜው ይይዛል፤ እሳት ዳር ሲሰነብት ግን እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ ሙጫውም ይሰነጠቃል አለን። እሱም ምድጃው አጠገብ ሰቅሏት ኖሯል። ይህን ስሰማ ክው አልሁ። እርስዎ በየዓመቱ እንጨት ሊፈልጡ ሲሉ መጥረቢያውን ውሃ ውስጥ የሚያሳድሩት እጀታው አብጦ ብረቱን እንዲይዝ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ውሃውን የምቀዳልዎ እኔ ነበርሁ። ለቀለም ብዬ ከለከልሁዎት። እሳት ፊት ይስቀሏት ያልሁትም እኔው ነኝ።

ፈርቼም ማመን አልፈለግሁም። የተበላሸችው የአጽብሐ ብቻ ናት፣ የአባቴ ደህና ትሆናለች እያልሁ ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከመስኮቱ አንዷን አንስቼ ከሱቁ ጓሮ አንድ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ፊት ቆምሁ። አባቴ፣ የመጀመሪያው ምት እንዴት እንደሚያምር ባዩት! እንጨቱ እስከ ልቡ ተሰነጠቀ። እጅ ላይ ትቀላለች፣ ስለቷ ይዘልቃል። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። በአምስተኛው ጉጥ ላይ አረፈች፤ ብረቱ ከእጀታው ተላቅቆ ነጥሮ ቅልጥሜን መታኝ። ከላይ ደህና ነኝ ያልሁዎ ውሸት ነው። ሐኪም ቤት ወስደው ሰባት ቦታ ሰፍተውኛል፤ እስከዛሬ ያልጻፍሁልዎም ትኩሳት አስተኝቶኝ ነው። ልደብቅዎ ነበር፤ ነገር ግን አውቅዎታለሁ፣ ልጄ ከተማ ገብቶ ፈሪ ሆነ ብለው ይስቁና መጥረቢያዋን ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ይወቁት። እግሬን ያገኘችኝ አንድም ቀን እሳት ፊት ያልዋለች ናት፤ የእርስዎ ግን ወር ሙሉ ምድጃ ፊት ተሰቅላለች።

ሀጂ አብዱልሃኪም የቀሩትን በሙሉ ከመስኮቱ አንስተው ጓዳ ቆለፉባቸው፤ የገዙትንም ሰዎች በያሉበት እያስፈለጉ ነው። ታዲያ ለምንም አትሆንም ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ብረቷ መልካም ብረት ነው። አጽብሐ እንዳለው ቀጥቃጭ ቀዳዳዋን በላይ በኩል አስፍቶ የወይራ እጀታ ቢያስገባባትና ሽብልቅ ቢመታባት ልትሠራ ትችላለች። ቀለሟም አበባዋም እሳት ውስጥ ይጠፋሉ፤ ይጥፉ። እስከዚያ ለማየት እንጂ ለመፍለጥ አትሆንም። አሮጌውን ጥቁር መጥረቢያ ለሰው ሰጥተውት ከሆነ ለምነውም ቢሆን ያስመልሱት።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርዎ። እርስዎ የመስቀልን እንጨት መፍለጥ የሚጀምሩት ሁልጊዜ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ነው። ያ ማግስት ትናንት ነበር። ገብረአምላክ መጥረቢያዋን አድርሶልዎ ሲመለስ፣ እስከዚያ ቀን አልነካትም፣ ጎረቤት ባለበት ነው የማስመርቃት ብለዋል አባትህ ብሎኝ ነበር። ተኝቼ በነበርሁባቸው ቀኖች ይህን ቃል እንደ መድኃኒት ይዤው ሰነበትሁ፤ ከትናንት ጀምሮ ግን እሱም ከድቶኛል። ደግሞም ያው ገብረአምላክ፣ ተናኘወርቅ አያቷ ሲፈልጡ ከፊታቸው ቁጢጥ ብላ በቀሚሷ ስንጣሪ ትለቅማለች፣ ምታቸውንም ትቆጥራለች አለኝ። ያን ጊዜ እየሳቅሁ እስከ ስንት ትችላለች ብዬ ብጠይቀው፣ እስከ አምስት አለኝ። ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሚስማር ስመዝን አንድ ነገር ኳ ባለ ቁጥር እበረግጋለሁ። አባቴ፣ ፈርቻለሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት በዕድሜዬ አላውቅም።

ራሴ እንዳልመጣ ከወልቂጤ ወዲያ ያለውን ጭቃ በዚህ እግር አልዘልቀውም። ስለዚህ ይህንኑ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ አንዱን በፖስታ፣ አንዱን ወደ ወልቂጤ በሚሄድ የካሚዮን ሾፌር፣ አንዱን ከሪማ በምትባል የቅቤ ነጋዴ እጅ ሰድጃለሁ። ሦስቱም ቢደርሱዎ ሦስቱንም ያስነብቡልኝ፤ አይሰልቹ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ እግሬ እየሻረ ነው በሏት፣ እንዳታለቅስ። አዳነች፣ እንደምን አለሽልኝ? አባቴ እምቢ ካሉ አንቺ መጥረቢያዋን ወንዝ ውስጥ ጣያት፤ ቁጣቸውን እኔ ስመጣ እቀበላለሁ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ፣ ያንን ባለፋኖስ አባትም ጭምር፣ እንደምን ናችሁ በሉልኝ። ዲያቆን ፈቀደ፣ ስለ ድካምህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርህ ነው።

ልጄን ተናኘወርቅን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ። ስለ እሷ ግን፣ አባቴ፣ ደህና ናት የሚል ቃል ብቻ እንዳይልኩልኝ እለምንዎታለሁ። ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይጻፍለት፣ አገሩ እስኪገባ ድረስ ሁሉም ደህና ናቸው እንደሚባል አውቃለሁ፤ እኔም እዚህ አራዳ ለስንቱ የአገራችን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ እንደዚያ ብያለሁ። ስለዚህ ዲያቆን ፈቀደ የልጄን ቀኝ አውራ ጣት ቀለም ያስነካና ከመልሱ ወረቀት ግርጌ ያሳትምልኝ። የሌላ ልጅ ጣት አይሁን፤ የእሷ ላይ አምና ለፋሲካ መጥቼ ሳለሁ እሾህ የወጋት ጠባሳ አለ፣ ያወጣሁላት እኔ ስለሆንሁ አውቀዋለሁ። ያንን ጠባሳ ወረቀቱ ላይ ካላየሁ ማንም ምንም ቢጽፍልኝ አላምንም።

ልጅዎ ካሣሁን ወልደገብርኤል
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ
ረቡዕ፣ ነሐሴ ፲፰ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.