መርዶሽን ይዤ ዳገቱን ልወጣ ነው

ይድረስ ለሮማንዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ከሁለታችን ደህና የሆንሽው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ከተለየሽን ዘጠኝ ወር አለፈ። የሄድሽው አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ ነበር። አሁን ሰኔ ገብቶ ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር ያለው ወንዝ ደፍርሶ መሙላት ጀምሯል። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እነካለሁ፤ መንገድ ጀምሬ ደግሞ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይ እላለሁ። ድሮ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በሰርጋችን ቀን እንኳ ድንኳኑ ይወድቃል ብለህ ምሰሶ ይዘህ የቆምክ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። የሚስቅብኝ ሲጠፋ ጭንቀቴ ባሰበት።

አስቀድሜ የሰፈሩን ወሬ ልንገርሽ። ከፊት ለፊታችን የነበሩት ቤቶች ፈርሰዋል። መንገዱ ሰፍቶ መብራት ተተክሎበታል፤ አመሻሽ ላይ ወጣቶች እየመጡ ፎቶ ይነሱበታል። አያምርም አልልሽም፣ ያምራል። ጎረቤቶቻችን ግን አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል። ለአንቺ ለቅሶ እንኳ ታክሲ እየቀያየሩ ነው የደረሱት። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያለችው ሱቃችን እስካሁን አለች። ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ እየሸጥኩ እውላለሁ። ልጃችን ቤዛ ሆዷ ገፍቷል፤ እግዜር ከፈቀደ ነሐሴ ላይ አያት ትሆኛለሽ።

ብዕር ያነሳሁት ግን ለዚህ አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት ፈረንሳይ አገር፣ እህትሽ ጽጌ ዘንድ ልሄድ ነው። የምሄደውም ያንቺን ሞት ላረዳት ነው። ሮማንዬ፣ ጽጌ መሞትሽን እስከ ዛሬ አልሰማችም።

አትቆጪኝ። ከቀብርሽ መልስ ዘመዶችሽ ተቀምጠው መከሩ። ጽጌ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፣ ልጅም የላት፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ልቧን ታክማ ከሆስፒታል መውጣቷ ነበር። ወገን በሌለበት አገር ለተቀመጠ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም ተባለ። ሰው በአካል ሄዶ ያረዳታል፣ እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ፣ ፌስቡክ ላይም አንድ ፎቶ እንዳይወጣ ተባለ። ስትደውል መጀመሪያ ትንሽ አሟታል አልናት። ቀጥሎ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም አልን። የእኔ ቪዛ ከወር ወር ሲጎተት ጸበሉም አብሮ ረዘመ። ደግሞ መስከረም ሲመጣ ሙት ዓመትሽ ነው፤ ተዝካር ተደግሶ እንዴት ይደበቃል? የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እሷ ምን አደረገች መሰለሽ፤ «እህቴን እዚህ አምጥቼ አሳክማታለሁ» ብላ የሁለታችንንም ጥሪ ላከች። እኔ በአንድ ፓስፖርት ኤምባሲው ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየችና «ባለቤትዎስ አባቴ?» አለችኝ። «ሞታለች» አልኳት። ለገዛ እህትሽ ያልነገርኩትን ለማላውቃት ልጅ በአንድ ቃል ነገርኳት። ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። እንደዚያ ያለቀስኩት ከቀብርሽ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

መንደሩን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጽጌ የላከችልንን ፎቶ ፒያሳ ኬክ ቤት ተቀምጠን ያየነው ትዝ አይልሽም? ከስንት መቶ ዓመት በፊት ሰዎች ጦርነት ሸሽተው ኮረብታ አናት ላይ የሠሩት፣ ዙሪያው በግንብ የታጠረ፣ መግቢያው አንድ በር ብቻ የሆነ፣ የድንጋይ ቤቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙበት። አንቺ ፎቶውን በጣትሽ እያጎላሽ፣ «ሰው ሽንኩርት ሲያልቅበት ይህን ሁሉ ወርዶ ይወጣል?» አልሽ። እኔ ደግሞ ግንቡ ቢናድስ፣ ከታች ያሉት ምን ይሆናሉ አልኩ። ስቀሽ ስቀሽ ማኪያቶው ነጠላሽ ላይ ፈሰሰ። በዚያው ቀን አንድ ጊዜ አብረን እንሄዳለን ተባባልን። እንዲህ ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቤዛ መንገዱን በስልኳ ደጋግማ አሳይታኛለች። ፓሪስ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከባቡሩ ደግሞ ኮረብታው ሥር ወዳለች ትንሽ ከተማ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ በየቀኑ አይሄድም አሉ። ያመለጠኝ እንደሆነ የት እንደማድር እንጃ። ከከተማዋ በላይ መኪና አይወጣም፤ መንገዱ ድሮ ለበቅሎና ለአህያ የተሠራ ጠባብ የድንጋይ ዳገት ነው። እኔ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ስወጣ ስንት ቦታ ቆሜ እንደምተነፍስ አንቺ ታውቂያለሽ። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ከቋንቋቸው ቤዛ ያስጠናችኝ «ቦንዡር» እና «መርሲ» ብቻ ነው፤ በነዚህ በሁለቱ ደግሞ መርዶ አይነገርም።

ይህ ሁሉ ግን ተራ ጭንቀት ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በግንቦት መጨረሻ ጽጌ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። አንቺ በበሽታ ስለደከምሽ ዳገቱን በእግርሽ አትወጪውም ብላ ጎረቤቶቿን ለምናለች። አራት ወንዶች በወንበር ተሸክመው ሊያወጡሽ ተስማምተዋል። አንደኛው ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ «ትከሻው ሰፊ ነው ጋሽዬ፣ እህቴን እንደ ንግሥት ነው የሚያወጣት» እያለች ትስቃለች። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ አልኩ። ዚፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ትቶኝ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። አራቱ ወንዶች ወንበር አስቀምጠው ቆመዋል፣ ጽጌ ከፊታቸው ናት፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ እኔ በርበሬና ሽሮ ተሸክሜ ብቻዬን እወርዳለሁ።

ቤዛ ደውለህ ንገራት ትላለች። «አባዬ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከሌላ ሰው ከሰማች ይቅር አትለንም» ትለኛለች። ልክ ናት። እኔም ስልኩን ስንት ጊዜ አንስቼ አስቀምጫለሁ። ግን ነገርኳት እንበል፤ ስልኩ ሲዘጋ ማን ይይዛታል? ከዚያ ድንጋይ ቤት ውስጥ ስትጮኽ ማን ይሰማታል?

አባትሽ ያረፉ ጊዜ የሆነውን አስታወስኩ። ደብረ ብርሃን ማረፋቸውን የሰማሁት ከአንቺ በፊት ነበር፤ አብሬሽ አድሬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ጎህ ሲቀድ ቀስ ብዬ ወጥቼ ሰፈሩን ቀሰቀስኩ። አንቺ በር ስትከፍቺ እኔን ከፊት፣ ጎረቤቶቹን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላዬ አየሽን። ማንም ምንም ሳይል ነገሩ ገባሽ። ሴቶቹ ሮጠው ያዙሽ፣ ወንዶቹ ደጁ ላይ አግዳሚ ዘረጉ። ጽጌ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ እናታችሁ ከሞቱ ወዲህ የምታሳድጊያት አንቺ ነበርሽና ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ቀሚስሽን ይዛ አንዴ አንቺን አንዴ ሰዉን ስታይ ይታየኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ አንድ ቀን ልብስ እያጠፍን፣ ድንገት «ጥሩ አደረግህ፤ ብቻህን መጥተህ አልነገርከኝም» አልሺኝ። እኔም ያቺን ቃል ይዣት ቀረሁ።

ታዲያ እዚያ ኮረብታ ላይ ማንን ልቀስቅስ? የማንን በር ላንኳኳ፣ በምን ቋንቋ? መርዶ ነጋሪም እኔ፣ ለቀስተኛም እኔ፣ አስተዛዛኝም እኔ ልሆን ነው። ያውም ልቧ የታመመ ሰው ፊት። ቤዛ በፈረንሳይኛ ጽፋልኝ ለዳቦ ጋጋሪው አስቀድሜ ላሳየው ብዬ አሰብኩ፤ ግን መልኩን በምን አውቀዋለሁ? ታች ከተማው ያለ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ቄስ ልለምን ብዬም አስቤ ነበር። አንዱን አስባለሁ፣ አንዱን እጥላለሁ። ሻንጣዬን አሰናዳሁ፣ መልሼ ፈታሁ። አንቺ ብትኖሪ ምን ማድረግ እንዳለብኝ በአንድ ቃል ትነግሪኝ ነበር፤ ያንቺን ሞት ለማርዳት አንቺን ማማከር አማረኝ።

ትናንት ግን ከጽጌ ሌላ መልእክት መጣ። ከአገር ቤት ምን ላምጣልሽ ብዬ ለጠየቅኳት የሰጠችኝ መልስ ነው። ሁልጊዜ «እህቴስ?» ብላ ነበር የምትጀምረው። አሁን እንዲያ አላለችም። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፦

«ጋሽዬ፣ በርበሬውን ተወው፣ አትሸከም። አውቶቡሱ ሲመሽ ነው የሚያደርስህ። በምሽት ወደ ላይ እንዳትወጣ። ታች ከተማው አልጋ ይዤልሃለሁ፣ እዚያ እደር። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ይዞህ ይወጣል። ጎረቤቶቼን የአገሬን ወግ አስረድቻቸዋለሁ፤ በጠዋት ሁሉም እኔ ቤት ይሆናሉ። የባሌ እህትም መጥታ ከእኔ ጋር ታድራለች። ቀስ ብለህ ና። አትጨነቅ ጋሽዬ፣ ሰው አለኝ።»

ደጋግሜ ሰማሁት። አንቺን አልጠየቀችም፣ ስምሽንም አላነሳች። ቤዛን አሰማኋት፤ «አባዬ፣ አውቃለች» አለችኝ። ጽጌ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀች አላውቅም። ስለ ወንበሩ ስትስቅ ገና አላወቀችም ብዬ አስባለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ነግሯት ይሁን፣ ወይም ጸበሉ በዝቶባት ራሷ ደርሳበት ይሁን እንጃ። አውቃም ግን ስልክ መትታ አልጮኸችብንም፤ ለምን ዋሻችሁኝም አላለች። እንደ ደንቡ እስኪነገራት ሀዘኗን ውጣ ተቀምጣለች። የምትይዛት ሴት፣ ደጇ ላይ የሚቆም ወንድ፣ ሁሉንም ከማያውቁሽ ሰዎች መሃል ራሷ ፈልጋ አገኘች። ያሳደግሻት ልጅ እንዲህ ሆናለች ሮማንዬ፤ እኔ ለእሷ ስጨነቅ እሷ ለእኔ ትጨነቅ ኖሯል።

ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብልሽ ውሸት ነው። አውሮፕላኑን አሁንም እፈራለሁ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ፣ ዳገቱ መሃል ትንፋሽ አጥሮኝ ያን ሰውዬ እንዳላስቸግረው እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ በሩ የሚከፈትባትን ደቂቃ እፈራለሁ። ግን ሻንጣዬን ዘግቼዋለሁ፤ መልሼ አልፈታውም።

መስከረም ላይ ሙት ዓመትሽን እዚህ፣ ያልተበተነው ሰውም የተበተነውም ባለበት እዘክራለሁ። እስከዚያም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ አንቺ ማንም ቢጠይቀኝ አሟታል አልልም፣ ጸበል ናት አልልም። ስምሽን ጠርቼ ሞታለች እላለሁ፤ ከዚያም ተቀምጬ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሽ አወራለሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ በሕይወት እንዳለሽ ሳስመስል ስለ አንቺ በእውነት ማውራት አቅቶኝ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ዝም አልልሽም።

እህትሽ ለቅሶሽን አሰናድታ ጨርሳለች። የቀረው የእኔ መድረስ ብቻ ነው።

ያንቺው ታደሰ