የአባዬ አውራ ጣት

ለወንድሜ ለማንያዘዋል፤

እንደምን ከርመሃል? የሰው አገር ብርዱስ እንዴት ያደርግሃል? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም እየተደገፍክ ነው የምትነሳው? ባለቤትህ ሕይወትስ ደህና ናት? ትንሹ ዕንባቆም ጥርስ አበቀለ ወይስ እንደ አባቱ ዘግይቶ ሊያስጨንቀን ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ በዚያ ጉልበቷ ቁስቋም ድረስ ትወጣለች፤ ተመልሳ ስታማርር ታመሻለች፤ በሳምንቱ ደግሞ ትወጣለች። ልጄ መቅደላዊት ስምንተኛ ክፍል ገብታ የቤቱ መካሪ ሆናለች። ክረምቱም ሸጋ ነበር፤ ከደንቢያም ከወገራም የሚመጣው ሰው ሁሉ እህሉ አምሯል ይላል።

አሁን የምጽፍልህ ጉድ በስልክ የሚነገር አይደለም። ሦስት ቃል ሳልናገር «ቆይ ባቡር ውስጥ ነኝ» ትለኛለህ። ስለዚህ አረፍ በልና አንብብ።

የቀሃ ወጣቶች ቡድን በ1966 ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛቱን ዋንጫ የበላበትን ጨዋታ ታስታውሰዋለህ፤ አላየኸውም እንጂ አባዬ ስንት ጊዜ አጫውቶናል። በቀኝ ክንፍ ተሰልፎ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ከጨዋታው በኋላ አሥራ አንዱም ተጫዋቾች ኳሱ ላይ ፈረሙ እያለን ነው ያደግነው። ውጤታችን ዝቅ ባለ ቁጥር «የኔ ስም ዋንጫ የበላ ኳስ ላይ ነው፣ የናንተ የወደቁት ዝርዝር ላይ» ይለን አልነበር? የዚያ ድል ሃምሳኛ ዓመት በየምክንያቱ ሲተላለፍ ቆይቶ ዘንድሮ እንዲከበር ተቆረጠ። አዘጋጆቹ በቡድኑ ስም ያለ አሮጌ ዕቃ አምጡ ብለው ቢያስነግሩ የመጣው መዓት ነው! ግብ ጠባቂው አድርጎታል የተባለ ጓንት ብቻ አምስት ጥንድ መጣ። አባዬ ሰምቶ «ሰውዬው በባዶ እጁ ነበር የሚይዘው» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በዚህ የተነሳ እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ ሰብሳቢው አቶ ባምላክ፣ ብራና ጸሐፊው መሪጌታ ህሩይ፣ ሦስተኛዋም እኔ። ባንክ ቤት ፊርማ ሳመሳክር አሥራ ስድስት ዓመት ስለቆየሁ ዓይኗ አይሳሳትም ብለው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነጋዴ፣ ስሙ ይቆየንና፣ ኳሱ ተገኘ ብሎ ይዞ መጣ። አሥራ አንድ ፊርማ አለው፤ የአባዬም አለ። አባዬ ተጠርቶ ያን ግራጫ ኮቱን ለብሶ ደረሰ። ኳሱን አገላብጦ ስሙ ጋ ሲደርስ በጣቱ ዳሰሰውና «አዎ፣ የኔ ነው» አለ። ሰዉም አጨበጨበለት።

እኔ ግን ሆዴ አልተቀበለውም። ያ ፊርማ አባዬ መዝገብ ቤት ሲሠራ በየደብዳቤው ላይ ያሳርፈው የነበረው፣ መጨረሻው እንደ ጅራፍ የሚጠማዘዘው ነው። ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ፣ ከሜዳ ወጥቶ ላቡ ሳይደርቅ፣ ድቡልቡል ኳስ ላይ እንደዚያ ተረጋግቶ አይፈርምም። አሥራ አንዱም ፊርማ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። የራሱን ስም የሚፈርም ሰው ይሮጣል፤ እየተጠነቀቀ የሚሄደው የሰው ስም የሚፈርመው ነው። መሪጌታም ኳሱን አሸተቱና «ይሄ የጫማ ቀለም ነው» አሉ። «ቀለም ሲያረጅ ልጄ፣ ቆዳው ውስጥ ይገባል። ይሄ ገና ላዩ ላይ ቆሟል።» ነጋዴው ራሱ ተታሎ ይሁን ሌላ እንጃ፤ አቶ ባምላክ ሳያዋርደው መለሰለት። የተዋረደው አባዬ ነው። «ዓይኔ ደክሞ ነው» ቢልም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሰዉ ማማት ጀመረ።

በሳምንቱ የቡድኑ ጸሐፊ የነበሩት ሰው ባለቤት፣ እትዬ አማረች፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አንድ ጆንያ በአውቶቡስ ላኩ። ከውስጡ ነፋሱ የወጣ፣ የተጨማደደ የቆዳ ኳስ ወጣ። ፊርማዎቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ስፌቱ ላይ ሲደርስ ተደናቅፏል። ቀለሙ ቆዳው ውስጥ ሰርጓል። የቡድኑ ሐምራዊ ማኅተምም ጎኑ ላይ አለ። መሪጌታ «ይሄስ አይዋሽም» አሉ። ስንቆጥር ግን አሥር ፊርማ ብቻ ነው። የጎደለው የአባዬ ነው። አቶ ባምላክ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

ከማኅተሙ አጠገብ ያለውን ሐምራዊ ነገር ሁሉም ቀለም ፈስሶ ነው ብለው አለፉት። እኔ መፈረም የማይችሉ ደንበኞቻችንን ጣት በየቀኑ ስለማይ ማጉያ መነጽሬን አስጠጋሁ። የአውራ ጣት አሻራ ነው። መሃሉን አግድም የሚቆርጠው መስመር አለበት፤ አባዬን በልጅነቱ ማጭድ የቆረጠው ቦታ። ባንክ ቢሆን ይሄኔ መዝግቤ ጨርሼ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለብቻው ልነግረው ስል እማዬ ሰማች። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እማዬ ግን በሳቅ ፈረሰች። «ምነው አያ ንብረት! እኔ ያገባሁት አውራ ጣት አይደለም እንዴ?» ብላ የጋብቻ ውላቸውን ከሣጥኗ አወጣች። እውነትም ያው ጣት፣ ያው ጠባሳ! ሃምሳ ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራለች።

ያኔ ነው ከጋቢው ውስጥ ሆኖ የነገረን። ከወገራ ሲመጣ ፊደል አያውቅም ነበር፤ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። ጓደኞቹ ሁሉ ተማሪዎች ነበሩ። ብዕሩ እሱ ጋ ሲደርስ የቡድኑ ጸሐፊ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማንም ሳያይ የማኅተሙን ቀለም አስጠግቶ «ጣትህን አድርግ» አለው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠረ ወዲህ ጣቱን ቀለም ላያስነካ ምሏል። «ዝም በዪ ካልከኝ ዝም እላለሁ» አልኩት፤ ይህን ማለቴን አለቃዬ እንዳይሰማ! ዝም ካልኩ ግን ከተማው «ንብረት ዕድሜውን ሙሉ ሲዋሽ ኖረ» ማለቱ ነው። ሁለት ቀን ወደ አቶ ባምላክ ሳልሄድ ጠበቅኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮቱን ለብሶ ጠበቀኝ። እማዬ ውሉን ለማስረጃ ልታስይዘኝ ስትል «ወረቀቱን ተይው፤ ጣቱ እኔ ዘንድ ነው» አለ። ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት ቆመና «የፊተኛውን ኳስ የኔ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው። እንደዚያ ፈርሜ በሆነ ብዬ ስለተመኘሁ ነው» አለ። ቀጥሎ ቀለሙን ራሱ ጎትቶ ጣቱን ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈ። አመሳከርኩት፤ መስመር ለመስመር ገጠመ። መሪጌታ መነጽሩን ከእጄ ተቀብለው ካዩ በኋላ «ስም ሌላ ሰውም ይጽፈዋል፤ ይህን ግን ማን ይጽፈዋል?» አሉ። ማንም አልሳቀበትም። አቶ ባምላክ ተነስቶ ጉልበቱን ሳመው። ከኳሱ ሥር የሚቀመጠውን ጽሑፍ አባዬ ራሱ በዚያ በሚያምር እጁ ጻፈው፤ «ንብረት፣ ቀኝ ክንፍ። ያኔ ገና አልተማረም ነበር።»

ወደ ቤት ስንመለስ አራዳ ላይ ቆም ብሎ ያንተን ነገር አነሳብኝ። «ከልጆች ጋር ፊደል ስቆጥር አፈርኩ፣ የዚህን አገር ቋንቋ ትምህርት ትቼዋለሁ» ያልካትን እማዬ ነግራው ኖሯል። «ሁሉንም ጻፊለት» አለኝ። «ከተማው ያጨበጨበልኝ ጎል አግቢ፣ በሃያ አምስት ዓመቴ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እጄን ይዛ ሀ ስታስጽፈኝ ከሜዳው ይበልጥ እንዳላበኝ ጻፊለት። ብታፍሪም ጻፊው።» እኔ ግን አላፈርኩም ማንያዬ። እንደዚያን ቀን በአባቴ ኮርቼ አላውቅም።

እማዬ ግንባርህን ስማሃለች፤ ወገብህን ሙቅ ነገር አስረህ ተኛ ብላለች። መቅደላዊት ለዕንባቆም የሳለችውን ኳስ ከዚሁ ጋር ልካለች። ሕይወትን ሳምልኝ። አባዬ ሰላምታውን በኔ እጅ አልልክም ስላለ ከዚህ በታች ያለው ፊርማ የሱ ነው። ከጎኑ ያለው ሐምራዊም የፈሰሰ ቀለም እንዳይመስልህ፤ ሳልጠይቀው ነው ያደረገው፤ እስኪደርቅም እፍ እያለ ራሱ ጠብቆታል።

እህትህ ዝናሽ ንብረት

ጎንደር፣ አራዳ
ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.