የአምባዛው ጥፋት

«እዚህ ሐይቅ ላይ የጠፋውን ሁሉ የበላው አምባዛ ነው» ብለው ሁለት ዓሣ ሻጮች ሲሳሳቁ ሰማሁ። እኔ ግን የምር ወሰድኩት፤ ለምን እንደሆነ ልጽፍልሽ ይኸው ተቀመጥኩ።

እታለም ሰዓዳ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የጅዳው ሙቀትስ፣ አሠሪዎችሽስ እንዴት ይዘውሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአባባ ጥርጣሬ በቀር ሁላችን ደህና ነን።

አባባና ጋሽ አንዳርጋቸው፣ እንደምታውቂው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ጀልባ አመሻሽ ላይ መረብ ይጥላሉ፣ ጎህ ሲቀድ አብረው ያነሳሉ። እሑድ ግን ጋሽ አንዳርጋቸው እስጢፋኖስ ገዳም ስለሚያስቀድስ አባባ ብቻውን ነው። ከጥቅምት ወዲህ እሑድ እሑድ መረቡ ላይ የሚገኘው ልክ አንገቱ ላይ የተቆረጠ የቆሮሶ ዓሣ ራስ ብቻ ሆነ፤ ሌላው ገላ የለም። አባባ «እሱ ያስቀድሳል፣ እኔ ራስ እለቅማለሁ» እያለ ጀልባዋን ሸጦ ሊለያይ ወሰነ። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ በመረቡ አጠገብ እንደሚያልፍ እኔም ልብ ብያለሁ።

ሃያ ዓመት ከሚፈርስ ዓሣ ይወቀስ ብዬ ስለ አምባዛ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ቅርፊት የለውም። አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው፤ በድፍርስ ውኃ ውስጥ በነሱ እየዳሰሰ ያድናል። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው ከውኃ ወጥቶም ሰዓታት ይቆያል። ቀን ቀን ጭቃ ላይ ተኝቶ ምንም የማያውቅ ይመስላል። እንዲህ ላለ ፍጡር ማንም አይከራከርለትም።

ይህን ለሁለቱም አስረዳሁ። ማክሰኞ ክንድ የሚያህል አምባዛ በመንጠቆ ተያዘ። ጋሽ አንዳርጋቸው፣ ቅርፊት የሌለውን በሃይማኖቱ ስለማይበላ፣ ጋቢውን ሰብስቦ ራቅ ብሎ ቆመና ማንም ሳይጠይቀው «ቅርፊት ከሌለው ምን ይጠበቃል፣ ሀሚዱ?» አለው አባባን። ፍርዱ ፈጠነብኝ። አባባ ግን ዓሣውን ብዙ ካየ በኋላ «በከንቱ ጠረጠርኩህ፤ አውፍ በለኝ» አለው። ተቃቀፉ። ጀልባዋ አትሸጥም።

እማ ሀውራ ዱዓዋ አልተለየሽም። ወንድማችን ማህዲ ውጫሌ ባጃጅ ይዞ ገብቷል፣ ሰላም ይልሻል። ትንሿ ኢቲሳም ፎቶሽን እየሳመች ነው። ጋሽ አንዳርጋቸውም በተለይ ሰላም በልልኝ ብሏል።

አምባዛውን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። አፉን ከፍቼ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ለአባባ አልነገርኩትም። ጥርሶቹ እንደ ሞረድ ጥቃቅን ናቸው፤ ይይዛሉ እንጂ አይቆርጡም።

ወንድምሽ ኢምራን
ሐይቅ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.