ማይሊንን ያሻገርንበት ገጽ

ኢሎይሎ፣ ኅዳር 12፣ ዝናብ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እኔ፣ አታሚው ቤልቶና ገጽ የሚያጥፉት አሮጊት ናናይ ፌሊን ነበርን።

ሮሰንዳዬ፣ የልጆች መጽሐፌ ስምንተኛ ገጽ አስጨንቆኛል። የአባቷ መንፈስ እንዳይከተላት ልጅሽን ማይሊንን በሬሳ ሳጥኑ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ስናሻግራት የሣልኩት ነው። እኛ ደሴት ላይ ማንም አይደነግጥበትም። ቤልቶ ግን የከተማ ልጅ ነው፤ ሲያየው ማሽኑን አቆመ።

«ማናንግ ሎሊት፣ ታላቅ እህቴ፣ ይሄንን ለልጁ ማን ይገዛል? ቀስተ ደመና ያድርጉበት። እስከ ነገ ጠዋት ካልወሰኑ ማሽኑን ለሌላ ሥራ እሰጠዋለሁ።»

ያለዚያ ገጽ መጽሐፉ ለማይሊን ምኗም አይደለም።

ናናይ ፌሊን ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። «አንተ ቀስተ ደመናህን ለምታትመው የሠርግ ካርድ አድርገው» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ስህተቱ ሌላ ነው። የልጅቷን ዓይን ለምን ጨፈንሽው? እኔን በእናቴ ሬሳ ላይ ሲያሻግሩኝ ፊቷን አይቻለሁ። ከንፈሯን ቀለም ቀብተዋት ነበር፤ በሕይወቷ ተቀብታ አታውቅም። ይሄን ለማንም ሳልናገር ስልሳ ዓመት አለፈኝ።»

ሮሰንዳ፣ ማይሊንን ከእጅሽ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ፊቷን ግን አላየሁም። ዓይኔን የጨፈንኩት እኔ ነበርኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ። ለማይሊን የቀለም እርሳስ ገዝቼላታለሁ በያት።

ጠርዙ ላይ፦ ኅዳር 13። ዛሬ ጠዋት በቀጭኑ ብሩሽ የማይሊንን ዓይን ከፈትኩና ገጹን ለቤልቶ ሰጥቼ «አትመው» አልኩት።