ቀለበት ያሰረችው ሽመላ

መስከረም 21፣ ከቀኑ 7 ሰ.

የተካን ምሳ አድርሼ ግድቡ ዳር ተቀምጫለሁ፣ ገፈርሳ። ባሌ ዘብ ላይ፣ እኔ ወፍ ላይ። ሽመላዎቹ ዛሬ ገቡ። ዳርቻው ነጭ ልብስ የተሰጣበት መስሏል። ሁሌም መስቀል ሲያልፍ ነው የሚመጡት፤ ያርፋሉ፣ ይለቃቅማሉ፣ ወደ ደቡብ ይነሣሉ። እኔ ደግሞ ደጅ ቆሞ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ልቤ ይንጠለጠላል።

አሁን ጭላት የዳክዬ ጫጩት ከእናቷ ጎን ነጥቆ ድንጋይ ላይ ዘነጣጠላት። እናትየው ስትጮህ የያዝኩትን እንጀራ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ተካ ተኮሰ። ለምን ተኮስክ ስለው እጄን በላኝ አለ። አንዷ ሽመላ ክንፏን ተመታች፤ እየተንገዳገደች ወደ ሠፈራችን ወደ ኮልፌ በረረች። እግሯ ላይ ቀለበት ነበር። አምና የገደላትም እንደዚያው ነበረባት፤ ቀለበቷን አውልቆ ከቁልፉ ጋር አንጠልጥሎታል። መነጽር ይዞ የመጣው ፈረንጅ ነግሮናል፤ ባገራቸው ገና ጫጩት ሳለች ያስሩላታል፣ የት እንደምትደርስ ለማወቅ።

መተኮስ ክልክል ነው። ከተሰማ የተካ ሥራ አበቃ። ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ፣ ደብተሬ።

መስከረም 23፣ ማምሻውን

ጉድ ስሚ። ያቺው ሽመላ ከአጥራችን ወዲያ ናት፣ ጎረቤታችን ሸማኔው አቶ አንጁሎ ግቢ። ኮባው ሥር ወድቃ አገኛት። የተሰበረ ክንፏን በነጭ ድር ጠምጥሞ አስሮላታል። ከመስቀል የተረፈች ሥጋ ሳይቀር ይቆራርጥላታል። ሚስትህ ብታይ ትቀናለች አልኩት። እትዬ፣ መንገደኛ ናት፣ ስትድን ትሄዳለች አለኝ። ሳቅን። የኔ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ማን እንደመታት አልነገርኩትም።

የጎረቤታችን የወ/ሮ አስካለ ሕፃን ትኩሳት ይዞታል። ጡት እምቢ ብሏል።

መስከረም 25

ሕፃኑ ሞተ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ነበርን። አንዱ ጎረምሳ በአንጁሎ አጥር ቀዳዳ አይቶ እየሮጠ ገባ። ነጭ ክር የተጠመጠመባት ወፍ። እግሯ ላይ የማይነበብ ጽሑፍ ያለበት ቀለበት። በቃ። መተት ነው፣ ሸማኔው ነው የላከው ተባለ። ድንኳኑ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዱላ፣ ድንጋይ፣ የድንኳኑ ካስማ ሳይቀር።

መጀመሪያ ሽመላዋን። መንቁሯን ታንኳኳለች፣ ድምፅ የላትምና። አንገቷን በካስማ አሉት፤ ከሞተች በኋላም ይመቷታል። ከዚያ እሱን። ግንባሩ ተተረከከ። ደሙ በሠራው ጋቢ ላይ ወረደ። የሽመና ዕቃውን ሰባበሩት፣ ድሩን በጫማ ረገጡት። አስካለ ፀጉሯን እየነጨች ልጄን መልስ ትለዋለች፤ እሱ ደም እየተፋ አይዞሽ ይላታል። ይህን መቼም አልረሳው።

ገብቼ ጮህኩ። ቀለበቱን ፈረንጅ ነው ያሰረላት አልኩ። ሴትዮዋንም በመተቱ አዙሯታል አሉና ጭቃ ውስጥ ገፈተሩኝ። ተካ አጥሩን ተደግፎ ያያል። ቁልፉ ወገቡ ላይ ይንቃጨላል።

መስከረም 26፣ ከምሽቱ 3 ሰ.

ነገ ጧት ዕድሩ ይሰበሰባል። አንጁሎ ከዕድር ተሰርዞ ከሠፈር እንዲነሣ። ጎረምሶቹ ደግሞ ካልተባረረ ቤቱን ከነልጆቹ እናቃጥላለን እያሉ በየበሩ ይዞራሉ። ላምባ ሲያዋጡ በዓይኔ አየሁ።

ተካን እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። የአምናውን ቀለበት አሳያቸው፣ አንዱ ከሌላው አይለይም፣ ያኔ አንጁሎ እንዳላሰረው ያምናሉ አልኩት። አንቺ ሴትዮ፣ ለሸማኔ ብለሽ ልጆችሽን ልታስርቢ ነው አለኝ። የሚያስርባቸው እኔ ሳልሆን የሚበላህ እጅህ ነው አልኩ። አፌ መቼ ያርፋል። ቀበቶውን ፈታ።

ግራ ዓይኔ ተደፍኗል። መሥመር ከሳትኩ በዚህ ነው፣ አትቀየሚኝ። የሚገርመው፣ ስመታ የማስበው ያቺን ወፍ ነው። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ እኛ ሠፈር መሞቷን።

ተካ ራቱን በልቶ፣ ያምሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳህኑን አነሣሁ።

መስከረም 27፣ ከጧቱ 1 ሰ.

የተካ ሥራና የአንጁሎ ነፍስ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፣ አውቃለሁ። ሥራው ከሄደ ጠላ እጠምቃለሁ፣ እንጀራ እሸጣለሁ፣ እንደምንም። የተቃጠለ ሰው ግን በምን ይመለሳል።

ተካ ጓሮ ፊቱን ሲታጠብ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነበር። ቀለበቱን በጥርሴ ጠምዝዤ አላቀቅኩት። ድዴ ደማ። መሐረቤ ውስጥ ቋጥሬ ጡቴ ሥር ከትቼዋለሁ። ቀላል ነገር ናት፣ ላባ ታህል።

ገባ መሰለኝ። ቁልፉን አነሣ። ደጋግሞ አንቃጨለው። አሁን ስሜን ጠራ።

አንቺን ዱቄቱ ሥር እደብቅሻለሁ። በጓሮ በር ነው የምወጣው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀለበቱን አስቀምጣለሁ። የመጀመሪያዋን ማን ገደለ ብለው ከጠየቁኝ፣ ባሌ እላለሁ። ሁለተኛዋን ማን አቆሰለ ካሉም፣ ባሌ። ዓይንሽንስ ማን ካሉኝ፣ ባ...